የርቀት ተኩስ መነጽር ሲመረጥ፦ ርቀት የተጻፈበት ሬቲክል ወይስ ማዕዘን የሚለካ?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። (ሬቲክል የሚባለው በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀልና አብረውት ያሉት ምልክቶች ናቸው።) የሚኖሩት ሐረር ሲሆን፣ ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ውስጥ በረዳትነት እየሠለጠኑ ነው። የሚለማመዱበት ጠመንጃ .308 ዊንቸስተር ጥይት የሚጎርስ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ተገጥሞለታል፤ በመነጽሩ ውስጥም ከመስቀሉ ሥር ለ300፣ ለ400 እና ለ500 የተባሉ ክበቦች ተደርድረዋል። ድሬዳዋ አቅራቢያ በተፈቀደ የኢላማ ሜዳ በ100 ሜትር ሲተኩሱ አረሩ መሃል ይገባል፤ በ400 ሜትር የ400ውን ክበብ አሳርፈው ሲተኩሱ ግን ከአንድ ስንዝር ተኩል ያላነሰ ዝቅ ብሎ ይመታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድዎ ሌላ መነጽር ሊያመጣልዎ ስለሆነ፣ ከ6 እስከ 24 የሚያጎላውንና የዛፍ ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች የበዙበትን ባለ ሚል ሬቲክል ልዘዝ፣ ወይስ ዋጋው ቀለል የሚለውንና የማስተካከያ ቁልፎቹ ላይ 1/4 ኤም.ኦ.ኤ (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) የተጻፈበትን ባለ ነጥብ ሚል ዶት ብለው ጠይቀዋል። ከ500 ሜትር በላይ የመተኮስ ሐሳብ እንደሌለዎትም ገልጸዋል።

ከሁለቱ አንዱንም አልመክርዎትም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን በእጅዎ ያለው መነጽር ለምን ዝቅ እንዳደረገብዎት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ካልታወቀ አዲሱም መነጽር ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣል።

ለስሌቱ የምንጠቀምበት መለኪያ ሚል ነው። ሚል ማዕዘን ሲሆን፣ የሚሸፍነው ስፋት የርቀቱ አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሚል በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በ500 ሜትር ላይ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል።

መነጽርዎ የተበላሸ አይመስለኝም። ርቀት በተጻፈበት፣ ቢ.ዲ.ሲ በሚባለው የሬቲክል ዓይነት ላይ ያሉት ክበቦች የተሳሉት አምራቹ አንድ የጥይት ዓይነት፣ አንድ የአፈሙዝ ፍጥነት፣ አንድ የአየር ሁኔታ፣ አንድ የዜሮ ርቀት (አረሩ መስቀሉ ያረፈበትን ነጥብ ልክ የሚመታበት ርቀት) እና አንድ የርቀት መለኪያ መርጦ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከእርስዎ ሁኔታ ጋር ካልገጠመ ክበቡ ሌላ ቦታ ያሳያል። በእርስዎ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያርድ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መነጽሮች በአብዛኛው በያርድ የተሰሉ ሲሆኑ፣ 400 ሜትር ደግሞ 437 ያርድ ነው። 175 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን አረር በሴኮንድ 790 ሜትር ገደማ ፍጥነት ከአፈሙዝ ሲወጣ፣ 400 ሜትር አካባቢ በየ100 ሜትሩ ጭማሪ ዝቅታው ከአንድ ሚል ጥቂት በሚበልጥ መጠን ያድጋል። ክበቡ ያላሰበው የ34 ሜትር ልዩነት እንግዲህ 0.4 ሚል ያህል፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያወርዳል።

ሁለተኛው ዜሮ ያደረጉበት ርቀት ነው። ከእነዚህ ሬቲክሎች ብዙዎቹ የተሰሉት መስቀሉ በ200 ያርድ ልክ እንደሚገባ ታስቦ ነው፤ መመሪያው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። መስቀሉን በ100 ሜትር ካስተካከሉ አረሩ በየትኛውም ክበብ ላይ ከሚጠበቀው ግማሽ ሚል ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህም በ400 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ተደምረው 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ።

በአንጻሩ ወደ ላይ የሚገፋም ነገር አለ። የድሬዳዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታና በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር፣ በ15 ዲግሪ በባሕር ጠለል ላይ ካለው መደበኛ አየር ወደ 18 በመቶ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር አረሩን ብዙ ስለማያዘገየው ዝቅታው ይቀንሳል። ሆኖም ቅናሹ በ400 ሜትር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ከ36ቱ ላይ ስንቀንስ ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በላይ ይቀራል፤ እርስዎ የነገሩኝ አንድ ስንዝር ተኩልም ይኸው ነው። በርሜልዎ አጭር ከሆነና የአረሩ ፍጥነት ካነሰ ጥቂት ይጨምርበታል።

የማጉያውን ቀለበት ስንት ላይ አድርገው እንደ ተኮሱ አልጻፉልኝም፤ ከውጤቱ ተነሥቼ ግን 9 ላይ እንደ ነበር እገምታለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ዓይነት መነጽር ሬቲክሉ የሚቀመጠው በኋላው ፎካል ፕሌን ላይ ስለሆነ፣ ቀለበቱ ሲዞር ኢላማው ይተልቃል ወይም ያንሳል እንጂ የመስመሮቹ መጠን አይለወጥም። ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑትም በአንድ ማጉያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ላይ ብቻ ነው። በ9 ላይ ከመስቀሉ 1.8 ሚል ዝቅ ብሎ የሚታይ ክበብ በ6 ላይ 2.7 ሚል ዝቅ ያለ ይሆናል፤ የ0.9 ሚል ልዩነት በ400 ሜትር አረሩን 36 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ቀለበቱ 6 ላይ ሆኖ ተኩሰው ቢሆን ኖሮ ያርዱና ዜሮው ያወረዱትን ማጉያው መልሶ ያነሣውና አረሩ ኢላማው መሃል ገብቶ ያስደስትዎት ነበር፤ ለእኔም አይጽፉልኝም ነበር። ከእንዲህ ያለው መገጣጠም የአሁኑ ስሕተት ይሻላል፤ ቢያንስ መንስኤው ይታወቃል።

ስለዚህ ገንዘብ ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ቀለበቱን 9 ላይ አድርገው በቀጭን ቀለም ምልክት ያኑሩበት፤ በርቀት ሲተኩሱ ከዚያ አያንቀሳቅሱት። በ100 ሜትር ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ካርቶን አቁመው መስቀሉን ዜሮው ላይ ያሳርፉና እያንዳንዱ ክበብ ስንተኛው ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚወድቅ ያንብቡ፤ 18 ላይ የወደቀው ክበብ 1.8 ሚል ነው ማለት ነው። ቀጥሎ በ300 እና በ400 ሜትር ላይ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ሰሌዳ ያቁሙ፤ ላይኛው ጫፉ አጠገብ ነጥብ ያድርጉና በክበቡ ሳይሆን በራሱ በመስቀሉ ነጥቡን እያነጣጠሩ አምስት አምስት ጥይት ይተኩሱ። የአረሮቹ መሃል ከነጥቡ የወረደበትን በሴንቲ ሜትር ለክተው በ10 ካባዙ በኋላ በሜትር ለተለካው ርቀት ሲያካፍሉት የጠመንጃዎ ትክክለኛ ዝቅታ በሚል ይወጣል። በ300 ሜትር 45 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 1.5 ሚል ነው። ይህን ሲያደርጉ የ400 የተባለው ክበብ በእርስዎ ጠመንጃ ላይ የ330 ሜትር ገደማ ክበብ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ። ያገኙትን በወረቀት ጽፈው ሰደፉ ላይ ይለጥፉት። እስከ 400 ሜትር ድረስ ይህ መነጽር ያገለግልዎታል።

አዲስ የሚመጣልዎ ከሆነ ግን ርቀት የተጻፈበትን ትተው ማዕዘን የሚለካውን ይውሰዱ። በሐረሩ የልብስ ሰፊዎች ሰፈር በመኪና ግርግር ያለ ልብስ ሰፊ በሜትሩ የመጣለትን ሰው ሁሉ ይለካል፤ ቢ.ዲ.ሲ ግን ለሌላ ሰው ተሰፍቶ የተሰቀለ ኮት ነው፤ ልክዎ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ጥይት ሲቀይሩ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደጋ ሲወጡ፣ ጠመንጃውንም ሲለውጡ ባለ ሚል ሬቲክሉ ያው ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚቀየረው በኪስዎ የሚይዙት ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

ሚል ከኤም.ኦ.ኤ በትክክለኛነት አይበልጥም። ኤም.ኦ.ኤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ሆኖ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ ሩብ ኤም.ኦ.ኤ የሆነ አንድ የቁልፍ ጠቅታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያንቀሳቅስ፣ የሚል አንድ አሥረኛ የሆነው ጠቅታ ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ይህ ልዩነት በተኩስ ላይ አይታወቅም። እኛ ግን ርቀቱን በሜትር፣ ኢላማውንም በሴንቲ ሜትር የምንለካ ሰዎች ስለሆንን በሚል ስናሰላ ነጥብ ከማዘዋወር በቀር ሌላ ሥራ አይኖርብንም። ፈጽሞ የማይመረጠው ሁለቱን የደባለቀው ነው። ሁለተኛው እጩዎ ይህ ጉድለት አለበት፤ በሬቲክሉ ላይ ያነበቡትን ሚል ወደ ቁልፉ ለመውሰድ በ3.44 ማባዛት ግድ ይሆንብዎታል። 0.7 ሚል ስንት ጠቅታ ነው? በጠረጴዛ ላይ 2.4 ኤም.ኦ.ኤ፣ ማለትም ወደ አሥር ጠቅታ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ትንፋሽ ተይዞና ነፋሱ ሳይለወጥ ለመተኮስ በሚጣደፉበት ሰዓት ግን እንዲህ ያለ ብዜት የሚሠራ ሰው አላየሁም። ሬቲክሉና ቁልፉ በአንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው።

ሚል ዶት ራሱ መጥፎ አይደለም። በአሜሪካ የማሪን ጦር ዘንድ ሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው፤ ለረጅም ጊዜም አገልግሏል። ችግሩ በነጥቦቹ መካከል ባዶ መሆኑ ነው፦ ከአንዱ ነጥብ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል አንድ ሚል ሲሆን፣ ነጥቡ ራሱ የሚል አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ያህል ስፋት አለው፤ 0.3ን ከ0.4 መለየት በግምት ብቻ ይሆናል። በነጥብ ፈንታ በየግማሽ ሚሉ ወይም በየ0.2 ሚሉ ጭረት የተደረገበት ሬቲክል ይህን ግምት ያቃልላል።

የዛፍ ቅርጽ ያላቸው፣ ለምሳሌ የሆረስ ኩባንያ የሚታወቅባቸው ዓይነቶች፣ የተሠሩት ቁልፍ ሳይነኩ ዝቅታንና ነፋስን በአንድ ላይ ለመያዝ ነው። ብዙ ኢላማ በተለያየ ርቀት ላይ በአጭር ጊዜ መምታት ላለበት ተወዳዳሪ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ለእርስዎ ግን በ500 ሜትር የሚያስፈልገው ዝቅታ ወደ 3.7 ሚል ሲሆን፣ ዛፉ እስከ አሥርና ከዚያ በላይ ሚል ይወርዳል፤ የማይጠቀሙበት ምልክት ሁሉ እይታዎን ይሸፍናል። በግራር ቅርንጫፍና በደረቅ ሣር መካከል የቆመ እንስሳ ላይ እንዲህ ያለው ፍርግርግ ሲደረብ፣ አረሩ ያረፈበትን አቧራ ማየት ይቅርና የእንስሳውን ትከሻ ከቁጥቋጦው መለየት ያስቸግራል። ሌላው ጉድለት ዝቅተኛው ማጉያ 6 መሆኑ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ያለውን ድንድንን በመሰለ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላ በ40 ሜትር ድንገት ብቅ ሲል፣ በ6 ማጉያ የሚታይዎት ጸጉሩ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለዘመድዎ የሚጽፉለት ይህን ቢሆን እመርጣለሁ፦ ከ3 እስከ 15 ወይም ከ4 እስከ 16 የሚያጎላ፤ ሬቲክሉ በፊተኛው ፎካል ፕሌን ላይ የተቀመጠ፤ በየግማሽ ሚሉ ወይም በየ0.2 ሚሉ የተጫረ፣ ዛፍ የሌለው፤ ቁልፎቹ በ0.1 ሚል የሚንቀሳቀሱ፤ መሃሉ የሚበራ። ፊተኛው ፎካል ፕሌን ማለት ማጉያው ሲቀየር ሬቲክሉም ከኢላማው እኩል ይተልቃል ያንሳል ማለት ነው፤ አንድ ሚል በየትኛውም ማጉያ አንድ ሚል ሆኖ ይኖራል፤ ቀለበቱ ስንት ላይ ነበር የሚለው ጭንቀትም ይቀራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ በዝቅተኛው ማጉያ ላይም መሃሉ የሸረሪት ድር ያህል ይቀጥናል። መብራቱን የጠየቅሁት ለዚህ ነው፤ ረፋድና ቀትር ላይ አያስፈልግዎትም፤ ጎሕ ሲቀድና ማታ ጥላ ሲወድቅ ግን ያለ እርሱ መስቀሉን ፈልገው ያጣሉ። የመስመሩ ውፍረት 0.04 ሚል አካባቢ ቢሆን በ500 ሜትር የሚሸፍነው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይበቃል። በየትኛውም ቢሆን መስመሩ መስታወት ላይ የተቀረጸ እንጂ በሽቦ የተወጠረ አይሁን።

መነጽሩ እጅዎ ሲገባ ከመተኮስዎ በፊት የዓይን ሌንሱን ያስተካክሉ። መነጽሩን ወደ ጠራ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ (ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሳይሆን) ያዙሩና፣ በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ እያዩ መስመሮቹ ወዲያው ጥርት ብለው እስኪታዩ ቀለበቱን ያዙሩ። አፍጥጠው ከቆዩ ዓይንዎ ብዥታውን ራሱ ያስተካክልልዎትና በኋላ ይደክማል። ከዚያ በጎን ያለውን የፓራላክስ ቁልፍ ለሚተኩሱበት ርቀት ያስማሙ፤ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ጠመንጃው ተደግፎ ሳለ ራስዎን በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱ መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚዋልል ከሆነ ገና አልተስተካከለም።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ሳላደርገው መነጽርን አላምንም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ በልክ 100 ሜትር ላይ ያንጠልጥሉ፤ ርቀቱንም በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይለኩ። ከክሩ ጎን በሴንቲ ሜትር የተሰመረ አንድ ሜትር ተኩል ሰሌዳ ያቁሙ። ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጠው በአሸዋ ከረጢት ላይ አጥብቀው ያስቀምጡት፤ ቋሚው መስመር ከክሩ ጋር ከላይ እስከ ታች እስኪገጥም መነጽሩን በቀለበቶቹ ውስጥ ያዙሩ፤ ይህን ሲያደርጉ ጠመንጃው ራሱ ያላዘመመ መሆኑን በውኃ ልክ ያረጋግጡ። አሁን መስቀሉን ሰሌዳው ላይ አሳርፈው የከፍታ ቁልፉን 10 ሚል ያዙሩት፤ መስቀሉ በሰሌዳው ላይ ልክ 100 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። 97 ቢጓዝ ቁልፉ 10 ብሎ የሚሰጥዎት 9.7 ነው፤ ይህን በሠንጠረዥዎ ላይ ያርሙ። ሲመልሱትም በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ መነጽሩን ይመልሱት፤ ይህ በማረም የሚዘለቅ ጉድለት አይደለም። በዚያው አጋጣሚ በሬቲክሉ ላይ ያሉት ጭረቶችም በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መውደቃቸውን ይመልከቱ።

ስለ ማዝመም ይህን ያህል የምናገረው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። በ500 ሜትር 3.7 ሚል ከፍ አድርገው ሲይዙ ጠመንጃው 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል አረሩ ወደ ጎን 0.2 ሚል ገደማ ይሄዳል፤ ያም 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ተኳሹ ይህን ነፋስ ነው ብሎ ያርመዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ነፋሱ የተቀየረ ይመስለዋል።

በተግባር ሲጠቀሙበት ጊዜ ካለ ከፍታውን በቁልፍ ይስጡ፤ ነፋሱን በሬቲክሉ ይያዙ። ዝቅታ በርቀቱ የሚወሰን ስለሆነ አንድ ጊዜ ከታወቀ አይለዋወጥም፤ ነፋስ ግን ጣትዎ ቃታው ላይ እያለ ይቀየራል፤ ለእሱ ቁልፍ ሲያዞሩ መቆየት አይቻልም። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ሙሉ የጎን ነፋስ .308ን በ500 ሜትር ላይ አንድ ሚል ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ይገፋዋል። ነፋሱ በ45 ዲግሪ በሰያፍ ሲመጣ ወደ 70 በመቶው ይቀራል። ከሁሉ የሚከብደው የድሬዳዋ ቀትር ነው፤ ከመሬቱ የሚነሣው የሙቀት ሞገድ በከፍተኛ ማጉያ ኢላማውን ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዳንዴም ካለበት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያን ጊዜ ማጉያውን ወደ 8 ወይም 10 ይቀንሱ፤ ፊተኛው ፎካል ፕሌን እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል፤ ምልክቶቹ ልካቸውን አይለቁምና።

ማጉያውን መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው፤ አረሩ የት እንዳረፈ ራስዎ ያያሉ። በ450 ሜትር ላይ ባለ ብረት ኢላማ ተኩሰው ስተዋል እንበል። ጠመንጃው ከነተረ በኋላ መስቀሉ ወደ ኢላማው መሃል ሲመለስ አቧራው ከመሃሉ በስተግራ 0.6 ሚል፣ ወደ ታች 0.4 ሚል ላይ ሲነሣ አዩ። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ማስላት አያስፈልግም። አቧራውን ያዩበትን ያንኑ የሬቲክሉን ነጥብ ኢላማው ላይ አሳርፈው ወዲያው ይተኩሱ። ለሌላ ሰው ተመልካች ሆነው ሲሠሩም ያነበቡትን ቁጥር በቀጥታ ይንገሩት፦ «ቀኝ 0.6፣ ላይ 0.4»። በረዳትነትዎ አብዛኛው ሥራዎ ይህ ይሆናል፤ ደንበኛው መነጽሩ በኤም.ኦ.ኤ ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት ጠይቀው ሠንጠረዡን በእርሱ መለኪያ ያዘጋጁ።

በሬቲክል ርቀትን ስለ መለካት ብዙ ይወራል። ቀመሩ ትክክል ነው፦ የኢላማው መጠን በሜትር በ1,000 ተባዝቶ በሬቲክሉ ላይ ለተነበበው ሚል ሲካፈል ርቀቱን ይሰጣል። 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 1.25 ሚል ቢሸፍን 400 ሜትር ላይ ነው። ነገር ግን 1.2 ብለው ቢያነቡት 417፣ 1.3 ብለው ቢያነቡት 385 ሜትር ይሆናል፤ በዓይን የማይለይ ጭረት የ32 ሜትር ልዩነት አመጣ። ሰሌዳው ደግሞ ልኩ የታወቀ ነው። የደጋ አጋዘን ወንዱ ትከሻው ድረስ ከ1.2 እስከ 1.35 ሜትር ስለሚደርስ፣ ግምቱ ላይ ሌላ ከአሥር በመቶ በላይ ይጨመርበታል። በድራጉኖቭ ጠመንጃ መነጽር፣ በፒ.ኤስ.ኦ-1 ጥግ ላይ የተሳለው ርቀት መገመቻ መስመርም የተሰላው ለ1.7 ሜትር ቁመት ስለሆነ ለአደን አይሆንም። ሌዘር ርቀት መለኪያ ይያዙ፤ በሬቲክል መለካትን ባትሪ ሲያልቅ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ያን ጊዜም ከ300 ሜትር አይለፉ።

ወደ ደጋ ሲወጡ ሠንጠረዥዎ ይለወጣል፤ ሆኖም ሰዎች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። ሐረር ከድሬዳዋ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ብትልም አየሯ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ አንዱ በ20 ሌላው በ30 ዲግሪ ቢሆን የአየሩ መሳሳት ልዩነት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በ500 ሜትር አይታወቅም። በ2,700 ሜትር ከፍታና በ10 ዲግሪ ብርድ ግን ከድሬዳዋ በ11 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ይህም በ500 ሜትር 0.1 ሚል ያህል ከፍ ያደርጋል፤ በብርድ የባሩዱ ፍጥነት ስለሚቀንስም ከዚያው ላይ ጥቂቱ ይበላል። በደጋ ከአየሩ ይልቅ የሚያሳስተው ዳገቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ወይም ሽቅብ 400 ሜትር ሲሆን፣ ለዝቅታ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ፣ ማለትም 346 ሜትር ብቻ ነው። ለ400 ሜትር ቢይዙ ከግማሽ ሚል በላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ይስታሉ። ይህን የሚነግርዎት ሬቲክል የለም፤ ሌዘሩ ማዕዘን የሚያሳይ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው።

በመጨረሻም፣ ዘመድዎ መነጽሩን ከመግዛቱ በፊት የጠመንጃውን ፈቃድ ከሰጠው አካል ጋር ይነጋገሩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ በቅርብ የሚታይ ስለሆነ፣ መነጽሩ በድርጅቱ ስም፣ በጽሑፍ ፈቃድ ይግባ። ያ እስኪፈጸም ድረስ አሁን ያለውን ባለ 3–9 መነጽር ከላይ በገለጽኩት መንገድ ለክተው ይጠቀሙበት።